ፋራህ ፋራ አይደለም

ሰውን ለማሳነስ ስንት ፊደል ይበቃል? አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ይበቃል። ፋ እና ራ።

«ፋራ ነህ እንዴ?» የተባለ ልጅ ተጨማሪ ስድብ አያስፈልገውም። ጫማው፣ የፀጉሩ አቆራረጥ፣ የማኪያቶ አጠጣጡ፣ ሴት ልጅ ሲያናግር እጁን የት እንደሚያደርግ የሚጠፋው ነገር… ሁሉም ባንድ ቃል ተፈርዶበታል። ይግባኝ የለም። «አይ፣ ፋራ አይደለሁም» ብሎ መከራከር ራሱ የባሰ ፋራነት ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። ይህቺው ድምፅ የብዙ ሰው የአባት ስም ናት። ከጅግጅጋ እስከ ሞቃዲሾ፣ ከሃርጌሳ እስከ ለንደን ፋራህ የሚባል አባት፣ ፋራህ የሚባል አያት ሞልቷል። ስሙ እኛ ጋ ሲደርስ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ህ» እንውጣታለን፤ ሰውየውም ምንም ሳያደርግ ፋራ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያደገ ሶማሌ ልጅ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። አስተማሪው የልጁን ስም ይጠራል፣ የአባቱን ይጨምራል፣ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሳል። ልጁ አቤት ብሎ ይቀመጣል። የተሳቀው በእሱ ብቻ አይደለም፤ እቤት ባለው አባቱም ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ «የሰው ስም አታበላሹ» የሚል ነበር። እንግዲያው ዛሬ ይህን ስም እንመርምረው። ከየት መጣ? ምን ማለት ነው? ማንስ ተሸክሞት ዞረ?

* * *

ፋራን ለመረዳት መጀመሪያ አራዳን መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱ እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ከፍ የሚለው ሌላው ዝቅ ሲል ነው።

አራዳ መጀመሪያ የሰው ጠባይ አልነበረም፤ ቦታ ነበር። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ሰፈርና የከተማዋ ትልቁ ገበያ ነው። ከገጠር እህልና ከብት ይዞ የመጣው ገበሬ፣ ሱቅ የከፈተው ግሪክ፣ አርመን፣ ህንድና አረብ የሚገናኘው እዚያ ነበር። ሥርዓት የሚያስከብረው ዘብ ሳይቀር «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1936 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት፤ አራዳም ፒያሳ የሚል ስም ተደረበለት። ቃሉ ግን አልጠፋም። ከመሬቱ ተነስቶ ሰው ላይ ተሳፈረ። የአራዳ ልጅ ማለት ገበያ መሐል ያደገ፣ የዕቃም የሰውም ዋጋ የሚያውቅ፣ የማይሸወድ፣ ነቄ የሆነ ማለት ሆነ።

ፋራ ደግሞ የሚሸወደው ነው። አውቶቡስ ተራ ወርዶ ሻንጣውን በሁለት እጁ የሚያቅፈው። አስፋልት ለመሻገር ግራና ቀኝ ሦስት ጊዜ የሚያየው። የተጠየቀውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍለው። ጥፋቱ ምንድን ነው? ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ነው። ቃሉ ስንፍናን ወይም ክፋትን አይቀጣም፤ አዲስ መጤነትን ነው የሚቀጣው።

ይህን ስናስብ ግን አንድ ሒሳብ መሥራት አይከፋም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ከመቶ አርባ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ዛሬ ደረቱን ነፍቶ «እኔ የአራዳ ልጅ» የሚለው ወጣት፣ ሦስትና አራት ትውልድ ወደ ኋላ ብንቆጥርለት ከመንዝ፣ ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም ወይም ከሐረር የመጣ፣ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ አፉን ከፍቶ የቆመ አንድ ፋራ አያት እናገኝለታለን። ነገሩ ደግሞ ወደ ፊትም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። የአራዳ ልጆች በማያውቁት ሰፈር ታክሲ ከየት እንደሚያዝ እየጠየቁ አዲስ መጤ ሆኑ ማለት ነው። ሚዛኑ እንዲህ ይገለበጣል።

* * *

አሁን ወደ ፋራህ እንምጣ።

ስሙ ከአረብኛ የመጣ ነው። ሥሩ ፈረሐ ነው፤ ትርጉሙም ደስ አለው፣ ተደሰተ። ፈረህ ማለት ደስታ ነው። ግብፆች በአፍ አነጋገራቸው ሠርግንም ፈረህ ይሉታል። ቤሩት ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች እህት ያላችሁ ጠይቋት፤ ቃሉን ሳታውቀው አትቀርም። በኢራን ደግሞ የሴት ስም ነው። የመጨረሻው ሻህ ባለቤት እቴጌ ፋራህ ፓህላቪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፋርስ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ በዚያ ሁሉ ድንኳንና ድግስ ሲከበር፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከክብር እንግዶቹ አንዱ ነበሩ፤ አስተናጋጇም እቴጌይቱ። የዚያን ዕለት በዚያ ድግስ ላይ ፋራህ የሚለውን ስም ሰምቶ የሚስቅ የነበረ አይመስለኝም።

ሶማሌዎች ዘንድ ስሙ የወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሶማሊያ ቋንቋዋን በላቲን ፊደል ለመጻፍ በይፋ ስትወስን፣ ያቺን ከጉሮሮ የምትወጣ የመጨረሻ ድምፅ «ኤክስ» በሚባለው ፊደል ወከሏት። ስለዚህ አጻጻፉን የማያውቅ እንግዳ «ፋራክስ» ብሎ ሊያነበው ይችላል (ፋርማሲ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ ነገር ይመስላል)።

የሚገርመው ያቺ ድምፅ ለእኛ ባዕድ አለመሆኗ ነው። ፊደል ስንቆጥር ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን ነው ያደግነው። ብዙዎቻችን «ሦስቱም አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት አደረጓቸው?» ብለን ተነጫንጨናል። አንድ አልነበሩም። በጥንቱ ግዕዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ሐመሩ ሐ የፋራህ መጨረሻ ላይ ያለችው ድምፅ ማለት ናት። ትግርኛ ዛሬም ጠብቋታል። አማርኛ ግን ሦስቱን አንድ አደረጋቸው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንፋሿ ጭራሹን የምትጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል ሰው ምስክር ነው፤ ግብፃዊውን ሳላህን ስንቶቻችን ነን «ሳላ» የምንለው?

እንግዲህ ቀልዱ የተወለደው ስሙ ውስጥ አይደለም፤ እኛ ጉሮሮ ውስጥ ነው።

ፋራህን ወደ ግዕዝ እንመልሰው ብንል ደግሞ የምናገኘው ስም ፍሥሐ ነው። ወደ አማርኛ ብንመልሰው ደስታ። ፍሥሐ ብለን ስንጠራ የምንስቅ አለን? ክርስትና ቤት ሲጠራ፣ ዲግሪ ላይ ሲጻፍ፣ በጎዳና ታርጋ ላይ ሲለጠፍ የሚያምር ስም ነው። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ያው ሐመሩ ሐ አለበት። የፍሥሐ ሐ አናባቢ ስላላት ተርፋለች፤ የፋራህ ግን አናባቢ ስለሌላት ተዋጠች። በሁለቱ ሰዎች መሐል ያለው ልዩነት ይህቺ ናት። አንድ አባት ልጅ ሲወለድለት ደስ ብሎት ፍሥሐ አለ፤ ሌላው አባት ልጅ ሲወለድለት ደስ ብሎት ፋራህ አለ። አንዱ ልጅ ሰላም ተማረ፤ ሌላው ሲሳቅበት ዋለ።

* * *

ይህ ድምፅ በሌላ አገር ምን ሆኖ እንደኖረ ማየትም ጥሩ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ፋራ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ፋራ የሚባል የቤተሰብ ስምም አለ። ቃሉን ያመጡት እ.ኤ.አ. በ568 ወደ ጣሊያን የገቡት ሎምባርዶች ናቸው። በእነሱ ቋንቋ ፋራ ማለት አብሮ የሚጓዝ፣ አብሮ የሚሰፍር የዘመድ ቡድን ነው። ከአረብኛው ፋራህም ሆነ ከእኛው የመንገድ ቃል ጋር ዝምድና አለው ማለቴ አይደለም፤ ግጥምጥሞሹ ግን ደስ ይላል። በአንድ ቋንቋ ፋራ ተጓዡን ሲያከብር በሌላው ይሰድበዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቀው የሱሪው ታሪክ ነው። ፋራህ በሊባኖስ፣ በተለይም በክርስቲያኖቹ ዘንድ፣ የታወቀ የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ መንሱር ፋራህ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ቴክሳስ ውስጥ ኤል ፓሶ ላይ የልብስ ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ አድጎ በሱሪ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ወደ 4,000 የሚሆኑ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ሜክሲኳዊ ዝርያ ያላቸው ሴቶች፣ የሠራተኛ ማኅበር እንዲታወቅላቸው ሥራ አቁመው ነበር፤ በመላው አሜሪካ የድርጅቱን ሱሪ አትግዙ የሚል ዘመቻም ተካሄደ። ሱሪው ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የለንደን ጎረምሶች «ፋራህስ» ሲሉ የሚለበስ ነገር ማለታቸው ነበር፤ የደህና ልጅ መለያ። የቤተሰብ ስም ወደ መንገድ ቋንቋ ገባ፣ ግን በክብር በር። አስቡት፤ ለንደን ላይ ፋራህ መልበስ አራድነት፣ አዲስ አበባ ላይ ፋራህ መባል ፋራነት። አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ፣ ሁለት ፍርድ።

* * *

«የአባት ስም» ስል ቃሉን በምክንያት ነው የመረጥኩት። ፈረንጆቹ ዘንድ ያለው የቤተሰብ ስም ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ነው፤ እንግሊዝ አገር ስሚዝ የሚባል ሰው አባቱ ስሚዝ ተብሎ ላይጠራ ይችላል። እኛና ሶማሌዎች ግን ከዚህ ላይ አንድ ነን። የእኔ ስም፣ የአባቴ፣ የአያቴ፤ በቃ። ሁላችንም የትውልድ ሐረግ ስንቆጥር ነው ያደግነው። ሶማሌዎቹ «አብቲርሲ» ይሉታል፤ ልጁ የአባቶቹን ስም ተራ በተራ እየጠራ ይወጣዋል። የእኛም አዛውንቶች ሰባት ቤት ያስቆጥሩ የለም እንዴ?

ስለዚህ ውጭ አገር ስንወጣ የሚያስቅ ነገር ይፈጠራል። ፓስፖርቱ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። የፈረንጅ ኮሜንታተር «ገብረሥላሴ! ገብረሥላሴ!» ብሎ ሲጮህ የኃይሌን አባት ነው የሚጠራው። ቀነኒሳና ታሪኩ አንድ ላይ ሲሮጡ ደግሞ «በቀለ» እየተባለ የሚጠራው አንድ አባት ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ይሮጣል። በእኛ ሥርዓት የአባት ስም ላይ መሳቅ ጌጥ ላይ መሳቅ አይደለም። የቆመ ሰው ላይ መሳቅ ነው።

በዚህ ስም ዓለምን ከዞሩት አንዱ ደራሲው ኑረዲን ፋራህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባይዶዋ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በእኛዋ ቀላፎ ነው፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር። ትምህርት ቤት አረብኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በድንበር ግጭት ምክንያት ወደ ሞቃዲሾ ሄዱ። የመጀመሪያ ልቦለዳቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ታተመ። በ70ዎቹ አጋማሽ ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጋር ተቃቅረው ስደት ገቡ፤ አገራቸውን እንደገና የረገጡት በ1996 ነው። «ካርታዎች» የሚል ትርጉም ልንሰጠው የምንችለው የ1986 ልቦለዳቸው ስለ ኦጋዴን ጦርነት ዘመን ነው። ታሪኩ መሐል አንድ ወላጅ አልባ ሶማሌ ልጅና ያሳደገችው ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣች ሴት አሉ። ልጁ የጠላት አገር ሰው የተባለችውን ሴት እናቱ አድርጎ እንዴት ይኑር? ነው ጥያቄው። የሁለቱን አገር ቁስል አብረን እንድናይ ከጻፉልን ጥቂት ሰዎች አንዱ እኚህ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ታላቁን የኖይስታት ሽልማት አግኝተዋል። አማርኛ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ስማቸውን እዚህ ብንጠራው የኋላ ወንበሩን ሳቅ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

* * *

ሁለተኛው ግን ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ሞ ፋራህ። ወገን፣ በዚህ ሰው ምክንያት ስንት ሌሊት አዝነናል!

እ.ኤ.አ. በ2011 ዴጉ ላይ ኢብራሂም ጄይላን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሲቀድመው ጨፈርን። በ2012 ለንደን ላይ ግን 10,000ውን ወሰደ፤ ታሪኩ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ። ከሳምንት በኋላ 5,000ውንም ወሰደ፤ ደጀን ገብረመስቀል ሁለተኛ። በ2016 ሪዮ ላይ ሁለቱንም ደገመ። ቴሌቪዥን የተከፈተበት ካፌ ውስጥ ያ ቀልድ ያን ጊዜ ያልተቀለደበት ያለ አይመስለኝም፦ «በፋራ ተበላን!» ከሽንፈት የምትቀር አንዲት ማጽናኛ ነበረች። በ2017 እዚያው ለንደን ሙክታር እድሪስ በ5,000 ቀድሞት ገባና፣ የሞን እጅ ራስ ላይ የማድረግ ምልክት ራሱ ላይ ሠርቶ አሳየው። እዚያ ላይ ተስተካከልን።

ስለዚህ ሰው ስም እውነቱን የሰማነው ግን በሐምሌ ወር 2022 ነው። ሞ በቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ላይ ወጥቶ «እኔ ሞሐመድ ፋራህ አይደለሁም» አለ። ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን ነው። ሶማሌላንድ ተወለደ፤ የአራት ዓመት ልጅ እያለ አባቱ አብዲ በግጭት ተገደለ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው አንዲት የማያውቃት ሴት ወደ እንግሊዝ ወሰደችው። መጓጓዣ ሰነዱ ላይ የነበረው የሌላ ልጅ ስም ነበር፦ ሞሐመድ ፋራህ። ለንደን ሲደርስ ትምህርት ሳይሆን ሰው ቤት የሰው ልጅ ማጠብና ሥራ መሥራት ጠበቀው። ኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ምስጢሩን ያወጣው ለስፖርት አስተማሪው ነው። ዜግነት በ2000 ሲሰጠው በዚያው ስም ነው የተሰጠው። ሜዳሊያው በዚያ ስም፣ ንግሥቲቱ የሰጡት «ሰር» የሚለው ማዕረግም በዚያው ስም። እውነቱ ሲወጣ የእንግሊዝ መንግሥት እርምጃ እንደማይወስድበት አሳወቀ።

አሁን ይህን ከእኛ የስም ሥርዓት ጋር አያይዛችሁ አስቡት። ይህ ሰው ወርቅ ባጠለቀ ቁጥር ስታዲየሙ የሚጠራው የሌላ ልጅ አባት ነበር። አብዲን፣ የሞተበትን አባቱን፣ ማንም አልጠራለትም። ለልጁ ሁሴን የሚል ስም ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተነጠቀውን ስም በልጁ በኩል ወደ ቤት መለሰው።

ይህ ሰው በጃንዋሪ 2017 ዶናልድ ትራምፕ ሶማሊያን ጨምሮ የሰባት አገር ሰዎች አሜሪካ እንዳይገቡ ሲያግዱ የት ነበር መሰላችሁ? እዚሁ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ልምምድ ላይ። ቤተሰቡ አሜሪካ ነበሩና ልጆቼ ጋ እመለስ ይሆን ብሎ ተጨነቀ፤ እገዳው እሱን እንደማይመለከት የተገለጸለት ቆይቶ ነው። ስንጠራው ቀልድ የሚመስለን ስም ለባለቤቱ ድንበር የማለፍና የመቅረት ጉዳይ ነበር።

* * *

«ታዲያ ፋራ የሚለውን ቃል እንተወው?» የሚል ይኖራል። የመንገድ ቃል በአዋጅ አይሞትም፤ እኔም አዋጅ ላውጣ አላልኩም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ጀለስህ ሐምሌ ላይ ነጭ ስኒከር አድርጎ ሲመጣ ከፋራ ሌላ ምን ይባላል?

እኔ የምለው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው። አንደኛ፣ ስሙን ስንጽፍ «ህ» አትቅር። ጋዜጣ ላይ፣ የስፖርት ዜና ላይ፣ የክፍል ስም ዝርዝር ላይ «ፋራህ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስንጠራው ትንፋሿን እናውጣት። ከባድ አይደለም፤ መስታወት ላይ ተንፍሰን በእጅጌያችን ስንወለውል የምናወጣት «ህ» ማለት ናት።

አራድነት ድሮ ገበያ ላይ የዕቃውን ዋጋ ማወቅ ነበር። የዚህ ስም ዋጋ ደግሞ ደስታ ነው። ነገ ጠዋት አንዱ ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ስም ስትጠራ «ፋራህ» ስትል፣ ከኋላ ወንበር የሚስቀው ልጅ የአራዳ ልጅ ነኝ ካለ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ይንገረው፦ «ዝም በል ባክህ፣ ፍሥሐ ማለት እኮ ነው!»